ከውጭ ሆነው የመዋኛ ገንዳ ሲያሠሩ፦ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ማየት ያለብዎት ቧንቧና ዕቃ

ቤቱን በስልክና በቪዲዮ እየተከታተሉ አሠርተው ይሆናል። ገንዳው ግን በዚያው መንገድ አይሄድም። ግድግዳ ቢጣመም በካሜራ ይታያል፣ ቀለም ካልተስማማ ይቀየራል። የገንዳ ቧንቧ አርማታ ከለበሰ በኋላ ግን ማንም አያየውም፤ ስህተቱ የሚታወቀው ውኃው በየቀኑ ሲጎድል ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ መፍትሔው ሴራሚክና አርማታ መስበር ነው። ስለዚህ ስለ ፓምፕ ብራንድ ከመከራከርዎ በፊት የሚቀበረውን ነገር ይጨርሱ። ፓምፕ በአንድ ከሰዓት ይቀየራል።

መጀመሪያ ሁለት ቁጥር

ዋጋ ከማስገባትዎ በፊት የውኃውን መጠንና ውኃው በስንት ሰዓት አንዴ በማጣሪያው ዞሮ ማለቅ እንዳለበት ይወስኑ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48 ሜትር ኩብ ይይዛል። ለመኖሪያ ቤት 6 ሰዓት ጥሩ ልክ ነው፤ 48ን ለ6 ሲያካፍሉ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ይመጣል። ማጣሪያው ሲቆሽሽ ፍሰቱ ስለሚቀንስ 10 ሜትር ኩብ ብለን እንያዝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ቧንቧውም ማጣሪያውም ፓምፑም፣ ከዚህ ቁጥር ነው የሚወጣው። «ጠንካራ እንዲሆን 2 ፈረስ ጉልበት እናስገባ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ አስቦ እንደሆነ ይጠይቁት። መልሱ ቁጥር ካልሆነ ስሌት አልሠራም ማለት ነው።

ቧንቧው

ፓምፑ በሚስብበት መስመር የውኃው ፍጥነት በሴኮንድ ከ1.5 ሜትር ባይበልጥ፣ ወደ ገንዳው በሚመልሰው መስመር ደግሞ ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ውጫዊ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ፒኤን 10 (እስከ 10 ባር ግፊት የሚችል) ፒቪሲ ውስጡ 45 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ1.5 ሜትር ፍጥነት የሚያሳልፈው በሰዓት 8.6 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። 63 ሚሊሜትሩ 13 ሜትር ኩብ ከግማሽ በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ ለእኛ ምሳሌ ዋናው የመሳቢያ መስመር 63፣ ወደየመመለሻው የሚከፋፈለው ቅርንጫፍ 50 ይሁን። የዋጋ ልዩነቱ ከጠቅላላው ሥራ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በቧንቧው ዓይነት ነው። የሚፈለገው በማጣበቂያ የሚገጠም የግፊት ፒቪሲ ነው፤ በላዩ ላይ ፒኤን 10 ወይም ፒኤን 16 የሚል ጽሑፍ አለው። የፍሳሽ ፒቪሲ ግፊት አይችልም። የብረት ቧንቧ በክሎሪን ይዝጋል፣ ዝገቱም ሴራሚኩን ያበላሻል። የቤት ቧንቧ ሠራተኞች የለመዱት በሙቀት የሚበየደውን ፒፒአር ነው፤ «ያው 63 ነው» ብለው ሊያስገቡት ይችላሉ። ያው አይደለም። ፒኤን 20 የሆነ 63 ፒፒአር የግድግዳው ውፍረት 10.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ውስጡ 42 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል፤ ከ50ው ፒቪሲ እንኳ ይጠባል። በዚያ ላይ ክሎሪን እየቆየ ያደርቀዋል። ፎቶ ሲጠይቁ በቧንቧው ላይ የታተመው ጽሑፍ ጎልቶ እንዲነበብ አድርገው ያንሱልኝ ይበሉ።

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለባችሁ። ከዚያ የሚላክ «2 ኢንች» ቧንቧና መገጣጠሚያ ውጫዊ ስፋቱ 60.3 ሚሊሜትር ነው፤ በሚሊሜትር የሚሠራው 63 ነው። አንዱ በአንዱ ውስጥ ይላላል፣ ማጣበቂያ ያንን ክፍተት አይሞላም። ወይ ሁሉንም በሚሊሜትር፣ ወይ ሁሉንም በኢንች፤ መቀላቀል ግድ ከሆነ በልክ የተሠራ አሸጋጋሪ ይገዛል እንጂ በቴፕና በሙጫ አይሞላም።

ማጣበቅ ቀላል ይመስላል፣ ፍሳሽ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው። ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ የጫፉ ሹል ጠርዝ በሞረድ ይነሣል፤ ካልተነሣ ሲገባ ማጣበቂያውን ጠርጎ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የሚገባበት ጥልቀት በእስክሪብቶ ይሰመራል፣ ሁለቱም ገጽ በማጽጃ ፈሳሽ ይጠረጋል፣ ማጣበቂያው በሁለቱም ላይ ይቀባል፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ተገፍቶ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተይዞ ይቆያል። ቆርቆሮው ውስጥ የወፈረ ማጣበቂያ ይጣላል፤ በቲነር አቅጥኖ መጠቀም መገጣጠሚያውን ደካማ ያደርጋል። እስከ 24 ሰዓት ግፊት አይሰጠውም።

በመስመሩ ላይ 90 ዲግሪ ጎሚቶ በተቻለ መጠን ይቀነስ፤ በአንድ 90 ፋንታ ሁለት 45 ይሻላል። የመሳቢያው መስመር መሃል ላይ ወደ ላይ ጉብ ብሎ የሚወርድበት ቦታ ካለ እዚያ አየር ይጠራቀማል፣ ፓምፑም ውኃ መያዝ ያቅተዋል። ከመሬት በታች ያለው ቧንቧ ከሥሩም ከጎኑም 10 ሴንቲሜትር አሸዋ ይኑረው፤ ድንጋይ የተቀላቀለበት ሙሌት በቀጥታ ከላዩ ከተደፋ ይሰነጥቀዋል።

ገንዳው ውስጥ የሚገቡት

ለ32 ሜትር ካሬ የውኃ ገጽ ሁለት ስኪመር (ከውኃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅጠልና ቆሻሻ የሚስብ አፍ) ይበቃል፤ አንድ ለ25 ሜትር ካሬ ያህል ነው። ቦታቸው ነፋሱ ቅጠሉን በሚነዳበት ዳር ይሁን። የነፋሱን አቅጣጫ ከውጭ ሆነው አያውቁትም፤ ጎረቤትን ወይም ዘበኛውን ይጠይቁ። መመለሻዎቹ ሦስት ወይም አራት ሆነው ከስኪመሮቹ ትይዩ፣ ከውኃው ገጽ 30 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ።

የወለሉ መሳቢያ በፍጹም አንድ ብቻ እንዳይሆን። አንድ ብቻ ሆኖ ሰው ሲሸፍነው ወይም ፀጉር ሲገባበት ፓምፑ ሙሉ ኃይሉን እዚያ ላይ ያደርጋል፤ ሕፃናት የሚሰምጡበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቦታ ከፈቀደ 2 ሜትር የሚራራቁ ሁለት መሳቢያዎች በቲ ተገናኝተው፣ ጎበጥ ያለና በብሎን የታሰረ ክዳን ይኑራቸው። የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ የሆነበት ቦታ ከሆነ ወለሉ ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ገንዳው ለጽዳት ባዶ በሆነበት ቀን ከሥር ያለው ውኃ ሊያነሣው ይችላል።

እያንዳንዱ ስኪመር፣ የወለሉ መሳቢያና የማጽጃ ቱቦው መሰኪያ ለየብቻቸው ወደ ፓምፕ ክፍሉ ይምጡ፣ እዚያም የየራሳቸው ቫልቭ ይኑራቸው። ባለሙያው ቧንቧ ለመቆጠብ ከመሬት በታች ሊያገናኛቸው ይፈልግ ይሆናል፤ አይፍቀዱ። አንዱ መስመር ቢያፈስ ለይቶ መዝጋት የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ስኪመርና መመለሻ ሲታዘዝ ደግሞ ገንዳው በሴራሚክ ወይስ በፕላስቲክ ሽፋን እንደሚለብስ ይነገር፤ የፕላስቲኩ ሽፋን ጋስኬትና ማሰሪያ ቀለበት ያለው ዕቃ ይፈልጋል።

ፍተሻው፣ ክፍያውም ከእሱ ጋር

ሁሉም ቧንቧ ከተዘረጋ በኋላ ገንዳው ውስጥ ያሉት አፎች ይደፈናሉ፣ መስመሩ በውኃ ይሞላል፣ አየሩ ይወጣል፣ በእጅ ፓምፕ 3 ባር ይሰጠውና 24 ሰዓት ይቆያል። ማጣሪያው በዚህ ጊዜ አይያያዝም፤ የማጣሪያው አካል የሆነው ገንቦ ብዙውን ጊዜ ለዚህ ግፊት አልተሠራም። በኮምፕረሰር አየር መፈተሽ ክልክል ነው፤ ፒቪሲ በአየር ግፊት ሲፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይጎዳል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ጌጁን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ሌሊት ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ንባቡ በሁለቱም ቀን በአንድ ሰዓት ይወሰድ። ፎቶው ጌጁንና የዕለቱን ቀን የተጻፈበት ወረቀት አንድ ላይ ያሳይ።

ከዚያ በኋላ ግፊቱ እንዳለ አርማታው ይፈሳል። ቫይብሬተር ወይም የፌሮ ጫፍ ቧንቧውን ቢነካው መርፌው ወዲያው ይወርዳል፣ አርማታውም ገና እርጥብ እያለ ይስተካከላል። ውሉ ላይ ይህ እንዲጻፍ ያድርጉ፦ የቧንቧው ክፍያ የሚለቀቀው ጌጁ አርማታው ከፈሰሰ በኋላም ሲያዝ ነው። ወኪልዎ ሜትር ዘርግቶ እያንዳንዱ መስመር ከግድግዳው በስንት ርቀትና ጥልቀት እንዳለፈ በፎቶ ያስቀር፤ ከዓመታት በኋላ አትክልት ለመትከል ሲቆፈር ይጠቅማል።

ፓምፕና ማጣሪያ

ፓምፕ በፈረስ ጉልበት አይገዛም፤ ከፋብሪካው ግራፍ ላይ «በ10 ሜትር ከፍታ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ» የሚለው ነጥብ ላይ የሚያርፈው ይመረጣል (ከፍታ የሚባለው እዚህ ፓምፑ ማሸነፍ ያለበት ግፊት በሜትር ሲለካ ነው)። ለእኛ ምሳሌ ብዙውን ጊዜ 0.75 ወይም 1 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ከመጠን በላይ የሆነ ፓምፕ ቆሻሻውን በአሸዋው መሃል ገፍቶ መልሶ ወደ ገንዳው ይለቀዋል። የቅርጫት ማጣሪያ ያለውና በራሱ ውኃ የሚስብ የገንዳ ፓምፕ ይሁን፤ ለታንከር የሚሠራው ተራ ፓምፕ ፀጉርና ቅጠል ሲገባበት ይቆማል።

ቤቱ ደጋ ላይ ከሆነ ፓምፑን ከውኃው ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ አያዋጣም። በ2400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፣ ፓምፑ የሚስብበት አቅምም በዚያው ልክ። የሞተሮች መደበኛ ልክ የሚሰጠውም እስከ 1000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ሳሳ ያለው አየር እንደሚገባው አያቀዘቅዛቸውም። ከውኃው ገጽ እኩል ወይም ዝቅ ያለ፣ ወለሉ የውኃ መውረጃ ያለው፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ያዘጋጁ። በፓምፑ ግራና ቀኝ ዩኒየን (በእጅ የሚፈታ መገጣጠሚያ) እና ቫልቭ ይግቡ፤ የሚጠግነው ሰው ቧንቧ መቁረጥ የለበትም።

ባለቤቱ ለማይኖርበት ቤት የአሸዋ ማጣሪያ ከካርትሪጅ (ውስጡ ከሚቀየረው ማጣሪያ) ይሻላል እንላለን፤ ካርትሪጁ ውኃ ይቆጥባል፣ መለዋወጫው ግን በየጊዜው መታዘዝ አለበት። ለ10 ሜትር ኩብ 600 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ገንቦ ይያዝ፤ በ500ው ውስጥ ውኃው በአሸዋው መሃል በሰዓት 50 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ስለሚያልፍ ጠባብ ነው። የሚሞላው ታጥቦ የተበጠረ የሲሊካ አሸዋ ነው፣ መጠኑ ገንቦው ላይ ተጽፏል። የግንባታ አሸዋ ጭቃ ስላለው ይጋገራል።

ማጣሪያው ንጹሕ በሆነበት ቀን ጌጁ ያሳየው ቁጥር በማይለቅ ቀለም አጠገቡ ይጻፍ። ከዚያ 0.5 ባር ሲጨምር በተቃራኒ ፍሰት ይታጠባል፤ 3 ደቂቃ ያህል፣ ማለትም 500 ሊትር ውኃ። ያ ውኃ ወደ ሴፕቲክ ታንክ መግባት የለበትም፤ ታንኩን ያጥለቀልቃል፣ ክሎሪኑም ቆሻሻ የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የፍሰቱን አቅጣጫ የሚቀይረው የማጣሪያው እጀታ ደግሞ ፓምፑ ጠፍቶ ብቻ ነው የሚዞረው። አለበለዚያ የውስጡ ጎማ ተቆርጦ ውኃው ቀን ከሌት ወደ ፍሳሽ ይሄዳል።

መብራት

ሀገር ቤት ያለው 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የተላከ 60 ኸርዝ ፓምፕ በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል፣ የሚሰጠው ግፊት በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይግላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ 50 ኸርዝ የማይል ሞተር አይላክ።

የፓምፑ መስመር 30 ሚሊአምፔር የልዩነት ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚያጠፋ) እና ዝቅተኛ ቮልት ሲመጣ የሚያጠፋ መከላከያ ይኑረው። የውኃ ውስጥ መብራት 12 ቮልት ኤልኢዲ ብቻ፤ ፌሮው፣ መሰላሉና ፓምፑ በመዳብ ሽቦ ተያይዘው ከኧርዝ ይገናኙ። ይህም አርማታው ከመፍሰሱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው፣ ፎቶው ይጠየቅ። የሰዓት መቆጣጠሪያው ባትሪ ያለው ይሁን፤ ተራው መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚቆም ሳምንት ሳይሞላ ፓምፑን በእኩለ ሌሊት ያስነሣዋል።

የጨው ክሎሪን መሣሪያና ማሞቂያ ሰው ቤቱ እስኪገባ ቢቆዩ ይሻላል። አሁን ከማጣሪያው በኋላ 40 ሴንቲሜትር ቀጥ ያለ ቧንቧና ውኃው መሣሪያውን ዘልሎ የሚሄድበት ሦስት ቫልቭ ያለው ማለፊያ ማስቀረት በቂ ነው። እስከዚያ ክሎሪን በእጅ ይጨመር፦ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6። ክሎሪንና አሲድ ግን በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ፤ ቢቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

በመጨረሻም ገንዳውን በሚሞላው መስመር ላይ ትንሽ የውኃ ቆጣሪ ያስገጥሙ። ውኃው በራሱ እየሞላ ከሆነ ፍሳሹ ወራት ተደብቆ ይቆያል። የእኛ ገንዳ 1 ሴንቲሜትር ሲወርድ 320 ሊትር ነው። ጠባቂው በየሳምንቱ የቆጣሪውን ፎቶ ይላክልዎ። ቁጥሩ ከተለመደው ከዘለለ መሙያው ተዘግቶ፣ በውኃ የተሞላ ባልዲ ገንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሁለቱም ላይ ምልክት ይደረግና በ24 ሰዓት ውስጥ የወረዱት ይነጻጸር፦ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከወረደ ቫልቮቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ የሚያፈሰው መስመር ይፈለጋል።