በዘወትር ልብስዎ ላይ ቀለም እንዴት ይጨምራሉ?

በአዲስ አበባ ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ ልብ ብሎ ላየ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ጃኬት፣ ጥቁር ጫማና ጥቁር ቦርሳ በዝተው ይታያሉ። ይኸው ሰልፈኛ በፋሲካ ወይም በእንቁጣጣሽ ማለዳ ነጭ ለብሶ፣ በነጩ ጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጥለት አድርጎ ከቤቱ ይወጣል። ቀለም መምረጥና ማዋሐድ እናውቅበታለን ማለት ነው፤ ችግሩ ይህን እውቀት ለበዓል ብቻ አስቀምጠን የሥራ ቀኑን ለጥቁርና ለግራጫ መተዋችን ነው።

ጥቁር የሚመረጥበት ምክንያት ከንቱ አይደለም። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ አቧራው ልብስ ያቆሽሻል፤ አንድ ጥቁር ሱሪ ካለ ከማንኛውም ሸሚዝ ጋር ይሄዳል፤ ብዙ ልብስ ለመግዛት ኪስ የማይፈቅድለት ሰውም የማያሳፍረውን ይመርጣል። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ይህን ሁሉ ግምት ውስጥ ያስገባ ነው። ያለዎትን ጥቁር ልብስ እንዲጥሉ አይጠይቅም፤ እንዲያውም መሠረት አድርጎ ይጠቀምበታል። አርአያው ከራሳችን ቤት የተገኘው ነጠላ ነው፤ ሰፊው ነጭ መደብ ጸጥ ብሎ ተዘርግቶ፣ ጥቂት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጥለት በጫፉ ላይ ደምቆ ይታያል። ጥለቱ የሚያምረው መደቡ ስለተወለት ነው። በዘወትር ልብስም ቀለም ለመጨመር ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይኸው ነው።

ያለውን ልብስ አውጥቶ በቀን ብርሃን ማየት

ከመግዛት በፊት በቁም ሣጥንዎ ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ አውጥተው፣ በቀን፣ በመስኮት ወይም በበር አጠገብ በአልጋ ላይ ይዘርጉት። ይህን ማታ በአምፖል ብርሃን ማድረግ አይመከርም። በአምፖል ሥር አንድ ዓይነት ጥቁር የሚመስሉ ሦስት ሱሪዎች ወደ በሩ ሲቀርቡ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ሦስተኛው ደግሞ በመታጠብ ብዛት አረንጓዴ የመሰለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ሥራውን ሁሉ ይወስናል፤ ጥቁር ሰማያዊው ሱሪ ከእርድ ቢጫ ሹራብ ጋር በጣም ሲያምር፣ ወደ ቡናማ ያደላው ከወይን ጠጅና ከሸክላ ቀለም ጋር ይሻለዋል።

ከዚያ ልብሶቹን በሁለት ይክፈሏቸው። አንደኛው ክፍል መደብ ይሆናል፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ክሬምና ነጭ፣ እንዲሁም ጂንስ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ክፍል ቀለም ያለው ሁሉ ነው። አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ክምር ካሰበው በላይ ሆኖ ያገኘዋል፤ በስጦታ የመጣ ሻርፕ፣ ለሠርግ ተገዝቶ አንድ ጊዜ ብቻ የተለበሰ ቀሚስ፣ ከሣጥኑ ሥር የተረሳ ሹራብ ይወጣል። እነዚህን ለይተው ከፊት ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለም ያለ ምንም ወጪ ከእነርሱ ይገኛል።

የቀለምን ሦስት ጠባዮች መለየት

“ቀይ አይሄድልኝም” የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀይ ለብሶ ሳያምርበት የቀረ ሰው ነው። ነገር ግን ቀይ ብዙ ነው። የበሰለ ቲማቲም፣ የበርበሬ ዱቄት፣ የሸክላ ጡብና የወይን ጠጅ ሁሉም ከቀይ ወገን ሆነው አንዱ ሌላውን አይመስልም። ልዩነታቸውን ለመረዳት ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበቃል፤ ቀለሙ ከየትኛው ወገን ነው፣ ምን ያህል ጠቆር ወይም ነጣ ያለ ነው፣ ምን ያህልስ ደማቅ ወይም ደብዛዛ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያቆማል። በእኔ እምነት ግን ለዘወትር ልብስ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ከደማቅ ቀለም የሚሸሽ ሰው የዚያኑ ቀለም ረጋ ያለ ወንድም ሲያገኝ ሳይጨነቅ ይለብሰዋል፤ ከሎሚ ቢጫ ይልቅ የሰናፍጭ ቢጫ፣ ከሣር አረንጓዴ ይልቅ የወይራ አረንጓዴ፣ ከደማቅ ሮዝ ይልቅ የደረቀ ጽጌረዳ የሚመስለው ሮዝ ለቢሮም ለገበያም ይሆናል።

ፊት ላይ መሞከር

በልብስ ላይ ያለ ቀለም ለፊት በቀረበ መጠን ፊትን ይለውጣል፤ ምክንያቱም ጨርቁ ያገኘውን ብርሃን በራሱ ቀለም ቀብቶ ወደ አገጭና ወደ አንገት ይመልሰዋል። ስለዚህ ሙከራው እንዲህ ይደረግ፦ ከመስኮት ፊት ለፊት መስታወት ይዘው ይቁሙ፤ ጸጉርዎን ወደ ኋላ ያድርጉ፤ የተለያየ ቀለም ያለውን ጨርቅ፣ ሻርፕም ይሁን ፎጣ፣ እያፈራረቁ ከአገጭዎ ሥር ያድርጉ። የሚመለከቱት ጨርቁን ሳይሆን ፊትዎን ነው። ከዓይን ሥር ያለው ጥላ ጎልቶ ከወጣና ከንፈር የገረጣ ከመሰለ፣ ያ ቀለም ከፊት ይራቅ፤ ለሱሪ፣ ለጉርድ ቀሚስ ወይም ለጫማ ግን አሁንም ሊያገለግል ይችላል። ፊት ከጠራና ዓይን ከበራ ደግሞ ያ ቀለም የሸሚዝና የሻርፕ ቀለም ይሁን።

መልኩ የጠቆረ ሰው ደማቅ ቀለም መልበስ የለበትም የሚለው አነጋገር ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል። ይህ አነጋገር ብዙዎችን ያለ በቂ ምክንያት ከቀለም ስላራቃቸው አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በጠይምና በጥቁር መልክ ላይ ጥርት ያለ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ሰማያዊና ነጭ በልዩ ሁኔታ ይጎላሉ፤ በቆዳውና በጨርቁ መካከል ያለው የጠቆረና የነጣ ልዩነት ሁለቱንም ያደምቃልና። መልኩ የቀላ ሰው በበኩሉ ከቆዳው ጋር የሚቀራረብ ክሬም ወይም ነጣ ያለ ቡኒ ከፊቱ አጠገብ ሲያደርግ የደከመ ሊመስል ይችላል፤ ጠለቅ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ይሻለዋል። ዕድሜም ቢሆን የሚከለክል ነገር የለውም፤ ደማቅ ጥለት ያለው ነጠላ በእናቶቻችን ትከሻ ላይ ሲያምር ሁላችንም እናያለን።

ከጥለቱ መጀመር

አሁን ወደ መልበሱ እንግባ። ከላይ እስከ ታች በመደብ ቀለም ይልበሱ፤ ለምሳሌ ጥቁር ሱሪ፣ ግራጫ ሹራብ፣ ጥቁር ጫማ። በዚህ ላይ አንድ ቀለም ብቻ፣ በአንድ ትንሽ ቦታ ይጨምሩ። ለሴት ሻርፕ፣ ሻሽ፣ ቦርሳ ወይም ቀበቶ ሊሆን ይችላል፤ ለወንድ ክራቫት፣ ካልሲ፣ ወይም ከሹራብ ሥር አንገቱ ብቻ ብቅ የሚል ሸሚዝ። ነጠላው ላይ እንዳለው ጥለት፣ ትንሽ ሆኖ ጥርት ያለ ይሁን። እዚህ ቦታ ላይ ደብዛዛ ቀለም ብዙም አይታይም፤ ትንሹ ነገር ደማቅ፣ ሰፊው ነገር ረጋ ያለ ሲሆን ነው ሚዛኑ የሚጠበቀው።

ዓይንዎ ይህን ሲለምድ ቀለሙን ወደ መካከለኛ ልብስ ያሳድጉት፤ ሹራብ፣ ሸሚዝ፣ ወይም አጭር ጃኬት። በዚህ ጊዜ ቀለሙ ከመጀመሪያው ረጋ ያለ ይሁን። በመጨረሻ ወደ ሰፊው ልብስ፣ ማለትም ወደ ቀሚስ፣ ወደ ሱሪና ወደ ካፖርት ይደርሳሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ደማቅ ቀይ ካፖርት በመግዛት ሲጀምር ነው፤ ልብሱ ከሰውየው ቀድሞ ስለሚታይ ሁለት ቀን ተለብሶ ይሰቀላል።

ቀለምን ከቀለም ጋር ማጎራበት

ሁለት ቀለም በአንድ ላይ መልበስ ሲጀመር የሚረዳ አንድ የቆየ ግኝት አለ። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ኤዥን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪስ ጎብላን በተባለው፣ በሥዕል የተዋቡ የግድግዳ ምንጣፎች በሚሠሩበት የመንግሥት ተቋም የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከቀረቡለት አቤቱታዎች አንዱ የጥቁሩ ክር ቀለም ደካማ ነው የሚል ነበር። ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጣ ጥቁር ክር ጋር ሲያስተያየው ግን ጉድለት አላገኘበትም፤ ጥቁሩን ያዳከመው ከጎኑ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ሼቭረል ከዚህ ተነሥቶ ባደረገው ረጅም ጥናት፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ ለዓይን እንደሚለውጡ በ1839 ባሳተመው ሥራ በዝርዝር አስረዳ።

ይህ ለእኛ የሚሰጠው ጥቅም ቀጥተኛ ነው። ተቃራኒ ቀለሞች፣ ማለትም ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ሐምራዊ፣ ሲጎራበቱ እርስ በርሳቸው ይደማመቃሉ። ስለዚህ አንዱን ሰፊና ጠቆር ያለ፣ ሌላውን ትንሽ ማድረግ ይገባል፤ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ላይ ብርቱካናማ ሻርፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለቱም እኩል ሰፊና እኩል ደማቅ ከሆኑ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ጎረቤት ቀለሞች ግን፣ ለምሳሌ ሰማያዊና አረንጓዴ ወይም ቀይና ብርቱካናማ፣ ስለማይጋጩ በስፋት ቢለበሱም ይስማማሉ። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ አንዱን ቀለም በተለያየ ጥልቀት መልበስ ነው፤ ወይን ጠጅ ጉርድ ቀሚስ፣ ነጣ ያለ ሮዝ ሸሚዝ፣ ቡናማ ጫማ።

አበባ ወይም መስመር ያለበት ጨርቅ ካለዎት ሥራው አስቀድሞ ተሠርቶልዎታል። በጨርቁ ውስጥ ካሉት ቀለሞች በጣም ጥቂት ቦታ የያዘውን ይምረጡና ቦርሳውን ወይም ሻርፑን በእርሱ ያድርጉ።

ሲገዙና ሲያሠሩ

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ ልብሱን ከሱቁ በር ላይ በፀሐይ ብርሃን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የሱቅ መብራትና የፀሐይ ብርሃን አንድ ስላልሆኑ፣ በመብራቱ ሥር ከሱሪዎ ጋር የተስማማ የመሰለው ጃኬት ውጭ ሲወጣ ሊለይ ይችላል። የሚያዋሕዱትን ልብስ ለብሰው ወይም ይዘው መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ነጭ መሐረብ በውኃ አርጥበው በልብሱ የውስጥ ስፌት ላይ ቢያሹበትም ቀለም የሚለቅ መሆን አለመሆኑን ወዲያው ያሳይዎታል። አዲስ ቀለም ለመሞከር ደግሞ ሳልባጅ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ስለሚቀንስ ባይስማማዎትም ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለታጠበም ቀለሙ ረግቷል።

ሽሮ ሜዳ ደግሞ የራሱ በረከት አለው። በአካባቢው ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ ምድር የመጡ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ድርና ማጉን በማዋሐድ ቀለም ማሰለፍን ከልጅነት ጀምሮ የተማሩ ናቸው። ለበዓል ቀሚስ ብቻ ወደ እነርሱ መሄድ ያሳዝነኛል። ቀጭን ሻርፕ፣ ወይም በሸሚዝ እጅጌና በጃኬት ኪስ ላይ የሚሰፋ ጥለት ማሠራት ይቻላል። ሲያዙ ቀለሙን በስም ብቻ አይንገሩ፤ የሚለብሱትን ጃኬት ቁራጭ ወይም የክር ናሙና ያሳዩ፤ ለአንዱ ሰማያዊ የሆነው ለሌላው ውኃ ሰማያዊ ነውና። አገር ውስጥም ሆነ በክረምት ጥቁር ካፖርት በሚበዛባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖች፣ እንዲህ ያለው ሻርፕ ከአንገት ላይ ሆኖ ሙሉውን ካፖርት ያነቃዋል።

ከሐዘን በኋላ

ጥቁር በእኛ ዘንድ የሐዘን ልብስ ነው፤ ብዙዎች እስከ ሙት ዓመት ድረስ ይለብሱታል፤ ይህም ሊከበር ይገባዋል። ጥቁሩን የሚያወልቁበት ጊዜ ሲደርስ ግን ድንገት ወደ ደማቅ ቀለም መሻገር ለብዙ ሰው ይከብደዋል። በጥቁር ሰማያዊ፣ በቡናማና በወይን ጠጅ በኩል ቀስ ብሎ ማለፍ ልብን አያስጨንቅም፤ ዘመድ ወዳጅም ልብስ ማስቀየሪያ ስጦታ ሲያስብ ከእነዚህ ቀለሞች ቢመርጥ መልካም ነው።

ቀለሙን መጠበቅ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ልብስ ቶሎ ታደበዝዛለች። ባለቀለም ልብስ ተገልብጦ፣ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይሰጣ። ሲታጠብም ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከነጭ ልብስ ተለይቶ ይሁን። በረኪና ቀለሙን ይበላዋልና አይንካው። ሆምጣጤ ወይም ጨው ውኃ ውስጥ ጨምሮ ቀለሙን ማስያዝ ይቻላል የሚለውም በፋብሪካ ለቀለመ የዛሬ ጨርቅ አይሠራም፤ የሚለቅ ቀለም እስኪቆም ድረስ ለብቻው ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው መፍትሔው።

ጥለት ያለው ልብስ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘፍዝፎ ማሳደር ፈጽሞ አይገባም፤ የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ የሚሰርገው ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የጥለቱን ጫፍ ብቻ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥበው በነጭ ጨርቅ ተጭነው ይፈትሹት። ካልለቀቀ ሙሉውን በለስላሳ ሳሙና ቶሎ አጥበው፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ውስጥ ጠቅልለው ውኃውን ያስመጥጡ፤ ከዚያ ጥለቱ ነጩን እንዳይነካ ሳያጣጥፉ ዘርግተው ያድርቁት። የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ነጩን ብቻ በእጅ እየያዙ ማጠብ፣ ወይም ለእጥበት ባለሙያ ጠባዩን ነግሮ መስጠት ይሻላል።