የቀድሞ ዘመን ሴት ጋዜጠኛን ሕይወት ለመጻፍ

ስለ አካባቢዋ ታሪክ ትጽፍ የነበረች የቀድሞ ዘመን ሴት ጋዜጠኛን ሕይወት ለመጻፍ የተነሣ ሰው፣ ከልደቷ ይልቅ ከጽሑፎቿ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ስለ እርሷ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሲሆን እርሷ የጻፈችው ግን በየጋዜጣው ጥራዝ ተበትኖ ይገኛልና።

መጀመሪያ የተጠቀመችባቸውን ስሞች ሁሉ መዝግቡ፦ የአባቷን፣ የባሏን፣ የብዕር ስሟንና በፊደል ያሳጠረችውን ጭምር። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኤሊዛቤት ኮክራን በ1885 እ.ኤ.አ. በፒትስበርግ ጋዜጣ መጻፍ ስትጀምር ኔሊ ብላይ ተባለች፤ ሌላዋ አሜሪካዊት ጋዜጠኛ አይዳ ዌልስም «አዮላ» እያለች ትፈርም ነበር። ፊርማ የሌለውን ጽሑፍ የእርሷ ነው ለማለት የአጻጻፍ ስልት ብቻውን አይበቃም፤ የደመወዝ መዝገብ፣ ደብዳቤ፣ ወይም በስሟ በወጣ ሌላ ጽሑፍ ውስጥ «ባለፈው ሳምንት እንደገለጽሁት» የሚል ቃል ያስፈልጋል። የተረጋገጠውንና የተገመተውን በሁለት መዝገብ ለይታችሁ ያዙ።

ጋዜጣው ከጠፋም ተስፋ አይቆረጥም። በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ የነበረው የዌልስ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት በ1892 እ.ኤ.አ. በወሮበሎች ወድሟል፤ ከጽሑፎቿ አንዳንዶቹን ዛሬ ማንበብ የሚቻለው ሌሎች ጋዜጦች መልሰው ስላተሟቸው ነው። ስለዚህ የጎረቤት ከተሞችን ጋዜጦችም መፈተሽ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው፣ የጻፈችውን ታሪክ ከየት እንዳገኘችው ማጣራት ነው። አንድ ጽሑፍ ምረጡና ወረቀቱን ለሁለት ከፍላችሁ በግራ የተናገረችውን እያንዳንዱን ነገር፣ በቀኝ ደግሞ ምንጩን ጻፉ፦ ከሽማግሌ የሰማችው ነው፣ ከሰነድ የገለበጠችው ነው፣ ወይስ ከቀደመ ጸሐፊ የወሰደችው? ከዚያ የነጋሪውን ዕድሜ አስሉ። ለምሳሌ በ1890 የ80 ዓመት አዛውንት አነጋግራ ከሆነ፣ ሰውየው የተወለዱት በ1810 ገደማ ነውና በ1805 ስለ ደረሰ ቃጠሎ የነገሯት ያዩትን ሳይሆን የሰሙትን ነው። «ሽማግሌዎች እንደሚሉት» ብላ የጀመረችው ወሬ ከዓመታት በኋላ በራሷ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ምንም ማጣቀሻ እንደ እውነት ተቀምጦ ከተገኘ፣ ያን ሳይሸፍኑ መጻፍ ክብሯን አይነካም፤ እንዲያውም እንዴት ትሠራ እንደነበር የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

የአዘጋጅነት ሥራዋም መዘንጋት የለበትም። ማርታ ላምብ የኒውዮርክ ከተማን ታሪክ በ1877ና በ1880 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ካሳተመች በኋላ፣ ከ1883 ጀምሮ በ1893 እስክትሞት ድረስ የአሜሪካን ታሪክ የሚመለከት መጽሔት አዘጋጅ ነበረች። መጽሐፏን ብቻ አንብቦ ሕይወቷን የሚጽፍ ሰው፣ የሌሎችን ጽሑፍ ስትመርጥና ስታቃና የኖረችበትን ዘመን ይዘለዋል።

ለትዳርና ለልደት ዘመን የሕዝብ ቆጠራና የጋብቻ መዝገብ ይረዳሉ። የሥራ ባልደረቦች የጻፉት ዜና ዕረፍት ግን ውዳሴ ይበዛዋልና፣ ዓመተ ምሕረቱን ከሌላ ሰነድ ሳያመሳክሩ አይጠቀሙበት። ምንም ያልተገኘባቸውን ዓመታት በግምት ከመሙላት ክፍት መተው ይሻላል፤ የትኞቹ ጥራዞች እንደተፈተሹም በመጽሐፉ መጨረሻ መዘርዘር ቀጣዩን ተመራማሪ ከድካም ያድነዋል።