ያለ ጂም ለሞቶክሮስ ውድድር የሚበቃ አቅም እንዴት ይገነባል?

«ሞተሩ ነው የሚሮጠው፤ አንተን ምን አደከመህ?» የሚል ሰው ሞቶክሮስ፣ ማለትም ዝላይና ኩርባ በበዛበት የአፈር ትራክ ላይ የሚደረገውን የሞተር ብስክሌት ውድድር፣ ነድቶ አያውቅም። 100 ኪሎ የሚያህል ሞተር ከሥርህ ሲዘልና ሲንሸራተት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆመህ ነው የምትይዘው። በዓለም ሻምፒዮናው አንዱ ውድድር 30 ደቂቃና 2 ዙር ይፈጃል። ያውም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ። የጀማሪዎቹ ከዚህ ያጥራል። ልብ ግን ለጀማሪም አያዝንም፤ ከመነሻው ጀምሮ ወደ መጨረሻው አቅሙ ተጠግቶ ይመታል።

ይህን ለመቻል ጂም መመዝገብ ግድ አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቹ የጂም ማሽኖች ቁጭ አድርገው፣ ጀርባ አስደግፈው፣ አንድ ጡንቻ ለይተው ነው የሚያሠሩት። ትራኩ ላይ መደገፊያ የለም። ሁሉም ጡንቻ ባንዴ፣ ትንፋሽ አጥሮ እያለ ነው የሚሠራው። የሚያስፈልጓችሁ ጥሩ የመሮጫ ጫማ፣ የመዝለያ ገመድ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ለስለስ ያለ ኳስ፣ ወፈር ያለ ዱላና ሲባጎ ናቸው። የልብ ችግር፣ የደም ግፊት ወይም የቆየ የወገብና የጉልበት ጉዳት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያነጋግር።

1. ከትንፋሽ ጀምሩ

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሩጡ ወይም ብስክሌት ንዱ። ፍጥነቱ እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ይሁን። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፤ በየቀኑ እስኪያለከልክ ይሮጥና በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል። ምርጫ ካላችሁ እኔ ብስክሌቱን እመርጣለሁ። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ከሞተሩ የሚደርስባቸው ይበቃቸዋል።

መሠረቱ ሲጠነክር በሳምንት አንድ ቀን ጠንከር ያለ ሥራ ጨምሩ። 2 ደቂቃ በኃይል፣ 2 ደቂቃ በዝግታ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት። በኃይል የምትሄዱበት ጊዜ ቀስ በቀስ ይርዘም። የልብ ምታችሁን ለማወቅ ሁለት ጣት አንገት ላይ አድርጋችሁ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ብትቀንሱ ከፍተኛውን ምት በግምት ታገኛላችሁ። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት መያዝ አይከፋም፤ ግን ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ለጥሩ ቡትስ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

2. እግር

ስኳት (ቆሞ ጉልበትን እያጠፉ ቁጢጥ ማለትና መነሳት)፣ ወደፊት እየተራመዱ በአንድ ጉልበት ዝቅ ማለት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ። ዝርዝሩ ይኸው ነው። በአንድ እግር የሚሠራውን አታስቀሩ፤ ኩርባ ላይ አንዱ እግር ወደፊት ተዘርግቶ ሌላው መርገጫው ላይ ብቻውን ይቀራልና።

3. ክንድ፦ ሁሉም የሚወድቅበት ቦታ

ከትራክ የሚወጣ ጀማሪን ልብ ብላችሁ እዩት። ሞተሩን ያቆማል፣ ጓንቱን በጥርሱ ይጎትታል፣ ከዚያ የሄልሜቱን ማሰሪያ መፍታት ያቅተዋል። ጣቶቹ አይታዘዙትም። ጓደኛው መጥቶ ይፈታለታል። ክንዱን ብትነኩት ድንጋይ ነው። ሲነዳም ያው ነው፤ ጥቂት ዙር እንደሄደ ክንዱ ይወጠራል፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም በወጉ መጨበጥ ያቅተዋል። ይህ ድካም ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ደም ይሞላና ያብጣል። የክንድ ጡንቻዎች የተጠቀለሉበት ሽፋን ግን እንደልብ አይለጠጥም። ስለዚህ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ደም የሚያስወጡት ሥሮች ይጨቆናሉ። ደሙ ይገባል፣ እንደገባው ግን ቶሎ አይወጣም። እጁ ለአንድ አፍታ ቢላላ እፎይታ ያገኝ ነበር። ነጂው ግን ጨብጦ አይለቅም።

እዚህ ላይ ብዙዎቹ በመዳፍ የሚጨመቀውን ስፕሪንግ ገዝተው ቀኑን ሙሉ ሲጨምቁ ይውላሉ። እኔ አልወደውም። የክንዱ ችግር ሁልጊዜ ደካማነት አይደለም፤ ዕረፍት ማጣት ነው። ለምን ዕረፍት አጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ መልሱ ጭን ላይ ነው። ጭን ሲደክም ጉልበት ሞተሩን ይለቃል። ጉልበት ሲለቅ፣ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ሰውነት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ የሚቀረው በመሪው ላይ መንጠልጠል ነው። እግር መሥራት የነበረበትን ክንድ ይከፍላል።

ስለዚህ ዋናው ልምምድ ይህ ነው። ሞተር ላይ እንደቆማችሁ ሁሉ ቁሙ፦ ክብደታችሁ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ላይ ይረፍ፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ጀርባ ይቃና፣ ክርኖች ወደ ውጭ ከፍ ይበሉ። ኳሱን በጉልበቶቻችሁ መሀል አድርጋችሁ ጭመቁት። ዱላውን እንደ መሪ ከፊታችሁ ያዙት። አሁን ከባዱ ነገር ይመጣል፤ ጭናችሁን እያጠበቃችሁ ጣቶቻችሁን ማላላት አለባችሁ። ሰውነት ይህን መለየት አያውቅበትም። ጭን ሲጠብቅ ጣትም፣ ትከሻም፣ መንጋጋም አብሮ ይጠብቃል። ትንፋሽም ይታፈናል። ያላችሁበትን ለማወቅ ሰው ዱላውን ድንገት ይጎትትባችሁ። ከእጃችሁ ሾልኮ ከወጣ ጥሩ ነው። አብራችሁት ከተጎተታችሁ ገና ናችሁ።

ከ30 ሰከንድ ጀምራችሁ ወደ 1 ደቂቃ አድርሱት፣ ከዚያም አልፉ። አየሩን ድምፁ እስኪሰማ በአፋችሁ አስወጡ። ዝላይ ላይ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው ሲያርፍ መላ ሰውነቱ ይደርቃል፤ የማስወጣት ልማድ እዚህ ካልተያዘ እዚያ አይገኝም። ይህ ሲለመድ ደግሞ ለ2 ደቂቃ ገመድ ዝለሉና ልባችሁ እየደለቀ ያንኑ አቋቋም ያዙ። ትክክለኛው ፈተና ያ ነው፤ አርፎ የሚሠራማ ማንም ይሠራዋል።

ከዚህ በኋላ ነው የክንድ ሥራ የሚመጣው። ሲባጎውን ዱላው መሀል ላይ እሰሩ፣ ከታች ባለ 2 ሊትር የውኃ ጠርሙስ አንጠልጥሉ። በሁለት እጅ እያዞራችሁ እስከ ላይ ጠቅልሉት። ሲወርድ አትልቀቁት፣ በዝግታ እያዞራችሁ አውርዱት። አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ። ጀሪካኖቹን ደግሞ በግማሽ ሞልታችሁ በሁለት እጅ ይዛችሁ ተራመዱ። ባለ 20 ሊትሩ በግማሹ 10 ኪሎ ያህል ነው። ሙሉ ጀሪካን ጸጥ ይላል፤ ግማሹ ግን ውኃው ወዲያ ወዲህ እያለ ሚዛን ያስታችኋል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ሞተሩንም ፈትሹ። ፍሪሲዮንና ፍሬን ሽቅብ ከተነሱ የእጅ አንጓ ታጥፎ ይውላል። ጣት ሲዘረጋ ከክንድ ጋር ቀጥ ባለ መስመር ይድረስባቸው። በውድድር ቀን ደግሞ ቀዝቅዛችሁ መነሻ ላይ አትቁሙ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ገመድ ዝለሉ፣ ክንድ አወራጩ፣ ላብ ይምጣ። ከነዳችሁ በኋላ ሕመሙ አልለቅ ካለ፣ ወይም ጣት የሚደነዝዛችሁ ከሆነ፣ ነገሩ ከልምምድ በላይ ነውና ሐኪም ይየው። በቀዶ ሕክምና እስከ መታከም የሚደርስ ዓይነት አለ።

4. ወገብ፣ ደረትና አንገት

ፕላንክ (በክርንና በእግር ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) በፊትና በጎን፣ ፑሽአፕ፣ በሆድ ተኝቶ እጅና እግርን ማንሳት። አንገትን በራሳችሁ መዳፍ ሥሩት፦ መዳፉ ግንባርን ይግፋ፣ አንገት ሳይንቀሳቀስ ይቋቋም፣ 10 ሰከንድ። ከዚያ ከጭንቅላት ኋላና ከጎንም እንዲሁ። ሄልሜት ላይ ክብደት አንጠልጥሎ ጭንቅላት ማወዛወዝ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። ተዉአቸው። የአንገት አጥንት መለማመጃ አይደለም።

5. ሁሉንም አንድ ላይ

በሳምንት አንድ ጊዜ ከላይ ያሉትን አከታትላችሁ ሥሩ፦ ገመድ 1 ደቂቃ፣ ኳሱን ጨምቆ መቆም፣ ፑሽአፕ፣ ጀሪካን ይዞ መራመድ፣ ስኳት፣ እንደገና ገመድ። መሀል ላይ አትቀመጡ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ግቡ የራሳችሁ ውድድር የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ነው። የ15 ደቂቃ ውድድር ያለበት ሰው ለ40 ደቂቃ ራሱን የሚገድልበት ምክንያት የለም።

ከውድድሩ በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ቀናት አቅልሏቸው። የቀረውን ሁሉ በዚያ ሳምንት ለማካካስ የሚሯሯጥ ሰው መነሻው ላይ የሚቆመው በደከመ እግር ነው። አቅም የሚገነባው ልምምዱን ተከትሎ በሚመጣው ዕረፍትና እንቅልፍ ነው፤ ዓርብ የሠራችሁት ስኳት ለእሑድ አይደርስም።

ውኃን በተመለከተ ቀላል ዘዴ አለ። ከመንዳታችሁ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። የጎደለው 1 ኪሎ በግምት 1 ሊትር ላብ ነው። በዚያ ሁሉ ትጥቅ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈስ ስታዩ ትገረማላችሁ። ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ፣ ብዙ ላብ ባለበት ቀን ውኃ ብቻ እየጠጡ መዋል አይበቃም፤ ምግብም ያስፈልጋል።

6. ሞተሩ ላይ ስትወጡ

ሁለት ዙር ነድቶ፣ ወጥቶ፣ ወሬ፣ እንደገና ሁለት ዙር፤ ይህ መዝናኛ ነው። ሰዓት ይዛችሁ የውድድሩን ጊዜ ሳትቆሙ ንዱት፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም ግድ የለም። ሰው በስልክ ከጎን ይቅረጻችሁ። ቪዲዮውን ስታዩ ጉልበታችሁን ብቻ ተከተሉ። ከሞተሩ የሚለይበትን ደቂቃ ጻፉት። ቤት ውስጥ የምትሠሩት የኳስና የገመድ ልምምድ ከዚያ ደቂቃ በላይ እንዲሄድ አድርጋችሁ በሚቀጥለው ወር እንደገና ቅረጹ።