ሊፍተር ከመቆረጡ በፊት፦ በአየር የሚቀዘቅዙ የድሮ ቮልስዋገን ሞተሮች ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙበትን ታይፕ 1 የተባለውን የቮልስዋገን ሞተር ነው። ሊፍተር ካምሻፍቱ ላይ ያለው ጎበጥ ያለ ሎብ ሲገፋው ፑሽሮድ የተባለውን ዘንግ የሚያነሳ ዕቃ ነው፤ ፑሽሮዱ ሮከሩን፣ ሮከሩም ቫልቩን ይገፋል። ታይፕ 4 የተባለው ሌላው የቮልስዋገን ሞተርና ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ የሚሞላው ሃይድሮሊክ ሊፍተር መጨረሻ ላይ ተነስተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960 በፊት ለነበረው ባለ 36 የፈረስ ጉልበት ሞተር ግን እዚህ ያለው የሊፍተር ሥራ አይሆንም፤ በዚያ ሞተር ሊፍተሩና ፑሽሮዱ አንድ ቁራጭ ናቸው።

ሊፍተር ሦስት ነገር ተጠንቅቆለት የተሠራ ዕቃ ነው። ካሙን የሚነካው ፊቱ ለዓይን ዝርግ ቢመስልም መሐሉ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር እብጥ ያለ ነው፤ ካም ሎቡም በትንሹ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ስለሆነ ሊፍተሩ ሲነሳና ሲወርድ በቀስታ ይዞራል። ወገቡ ላይ ያለው ቦይ ከዘይት መስመሩ ጋር ሲገጥም ዘይት ተቀብሎ ውስጡ ክፍት በሆነው ፑሽሮድ በኩል ወደ ሮከሮቹ ይልካል። ግንዱ ደግሞ 19 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ውስጥ ያለ ምንም ማሸጊያ ስለሚንሸራተት የዘይት ግፊቱን የሚይዘው የልኩ ጥበት ብቻ ነው። ሊፍተር ላይ የሚሠራ ማሻሻያ ሁሉ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን ይነካል። በዚያ ላይ የሊፍተሩ ሰፊ ጭንቅላት ከውስጥ በኩል ስለሆነ ኬዙ (የሞተሩ ዋና አካል) ለሁለት ሳይከፈል አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ከውጭ የሚታወቀውን ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ቫልቩ ተስተካክሎም ድምፁ ተመልሶ ይመጣል

ማስተካከያው በትክክል መሠራቱን ያረጋግጡ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ ለብ ያለ ሞተር ላይ የተወሰደ ልኬት አይታመንም። 1ኛው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር ጠርዙ ላይ ወዳለው ጭረት ያመለክታል። የዚያን ሲሊንደር ሁለቱንም ቫልቮች ያስተካክሉ። ከዚያ ፑሊውን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ግማሽ ግማሽ ዙር እየመለሱ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 4ኛውን ይሥሩ። አብዛኞቹ ከ1300 እስከ 1600 ሲሲ ያሉ ሞተሮች አልሙኒየም ፑሽሮድ ስላላቸው ለሁለቱም ቫልቮች በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል 0.15 ሚሊሜትር ክፍተት ይሰጣቸዋል። አልሙኒየሙ ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለሚረዝም ክፍተቱ ብዙም አይለዋወጥም። ፑሽሮዱ በክሮሞሊ ብረት ከተተካ ግን ሞተሩ ሲግል ሲሊንደሩና ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ከፑሽሮዱ በላይ ይረዝማሉ፤ ክፍተቱም ይሰፋል። እንዲህ ያለው ሞተር ሲቀዘቅዝ ዜሮ ላይ፣ ማለትም ፑሽሮዱ በጣት ሳይከብድ እየዞረ ግን ወደላይና ወደታች ሳይላወስ ነው የሚስተካከለው። ብዙ ጊዜ ‹‹ሊፍተሩ ተበላ›› የሚባለው ድምፅ 0.15 የተሰጠው የብረት ፑሽሮድ ብቻ ነው።

ማስተካከያው ትክክል ከሆነ የስምንቱንም ቫልቭ ክፍተት ጽፈው ይያዙ፤ ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር ጉዞ በኋላም እንደገና ይለኩ። ክፍተቱ ከሰፋ ዳዶው ላልቷል፣ ወይም ሮከሩ፣ ሊፍተሩ አሊያም ካሙ እየተበላ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ግን ችግሩ ሊፍተር ላይ የለም፤ ቫልቩ እየተለጠጠ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው። በተለይ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ አስጊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ይጋርድ ነበር። አንድ ቫልቭ በተከታታይ ክፍተቱን ከዘጋ እያስተካከሉ መንዳት አይገባም፤ የቫልቩ ጭንቅላት ተቆርጦ ሲወድቅ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይሄዳል።

ጥፋተኛው ሊፍተሩ ነው ወይስ ካሙ?

እዚህ ላይ የሞተሩ አሠራር ራሱ መልስ ይሰጣል። ካምሻፍቱ ያለው አራት ሎብ ብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ሎብ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሊፍተሮችን ያንቀሳቅሳል። 1ኛውና 3ኛው ሲሊንደር ይጋራሉ፤ 2ኛውና 4ኛውም እንዲሁ። ዲያል ጌጁን (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን መለኪያ) በቫልቩ የስፕሪንግ ቆብ ላይ ይትከሉና ክራንክሻፍቱን በእጅ እያዞሩ የእያንዳንዱን ቫልቭ ከፍታ ይለኩ። ክፍተቱ ከልኬቱ በፊት በሁሉም ላይ እኩል መሆን አለበት።

የ1ኛውና የ3ኛው የጭስ ማውጫ ቫልቮች ሁለቱም ከሌሎቹ ዝቅ ካሉ ሎቡ አልቋል። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ፑሽሮዱን አውጥተው መስታወት ላይ ያንከባሉ፤ የተጣመመ ከሆነ ይታያል። ፑሽሮዱ ቀጥ ያለ ከሆነና ሮከሩም ደህና ከሆነ የሊፍተሩ ፊት ነው። ተመሳሳይ ቫልቮች መካከል ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ከታየ ኬዙን ለመክፈት በቂ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ግን ከሥር ያለውን የዘይት ማጥለያ ሳህን ፈትተው ዝቃጩን በማግኔት ይሞክሩ። ኬዙ ማግኒዥየም፣ ፒስተኑ አልሙኒየም ስለሆነ ማግኔት አይዛቸውም። በማግኔቱ ላይ የሚንጠለጠል አንጸባራቂ ቅንጣት በብዙ አጋጣሚ ከካምና ከሊፍተር የመጣ ነው።

ምልክት፦ የሊፍተሩ ፊት ተቦርቡሯል፣ ወይም መሐሉ ጎድጉዷል

ጤነኛ ፊት ላይ የሚታየው አሻራ ክብ ነው፤ ሊፍተሩ ይዞር እንደነበር ያስረዳል። ቀጥ ያለ አንድ መስመር ከታየ ሊፍተሩ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ የቆመ ሊፍተርም ካሙን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። እብጠቱን ለማየት ሁለት ሊፍተሮችን ፊት ለፊት አጋጥመው ብርሃን ላይ ይያዙ፤ ዳር ዳሩ ላይ ብርሃን ማሳየትና በጣት ሲነኩ መናጥ አለባቸው። ዝም ብለው ከገጠሙ ወይም መሐላቸው ብርሃን ካሳየ አልቀዋል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ፊቱን በመስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ሥራው ንጹሕ ይመስላል፤ ሊፍተሩም ያበራል። ነገር ግን ዝርግ ስለሆነ አይዞርም፤ ከሥር ያለውም አዲስ ካም ገና በመለማመጃው ጊዜ ይበላል። ፊቱን ማደስ የሚችለው እብጠቱን መልሶ የሚሰጥ የሊፍተር መሞረጃ ማሽን ብቻ ነው። መሞረጃውም የጠነከረውን ሽፋን ዘልቆ ከሄደ ውጤቱ ያው ነው፤ ጉድጓዱ በጥፍር የሚሰማ ከሆነ ሊፍተሩን ማደስ ትቶ መለወጥ ይሻላል። አዲስ ካም ላይ ያልታደሰ አሮጌ ሊፍተር አይገባም። አሮጌ ካም ከቀጠለ ደግሞ እያንዳንዱ ሊፍተር ወደነበረበት ቀዳዳ ብቻ ይመለስ፤ ሲያወጡ ስምንቱንም ቁጥር ይስጧቸው።

ምልክት፦ ሮከሮቹ ደርቀዋል፣ ጫፋቸው ተቃጥሏል

ከመደበኛው ሊፍተር ዘይት ወደ ሮከር የሚያልፈው ቦዩ ከዘይት መስመሩ ጋር በሚገጥምበት አጭር ጊዜ ነው። ለመደበኛ ሞተር ይህ በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ተሞርዶ የታደሰ ካም ሲገባ ነው፤ የሎቡ መሠረት ስለቀነሰ ሊፍተሩ ወደ ካሙ ጠልቆ ይቀመጣል፤ ቦዩም ከመስመሩ ይርቃል። በመጀመሪያ ግን ፑሽሮዶቹንና የሮከሮቹን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦና በአየር ያጽዱ። ብዙው የደረቀ ሮከር በደረቀ ዝቃጭ የተዘጋ ነው፤ ሊፍተር መቁረጥ አያስፈልገውም።

ቦዩን ማስፋት ካስፈለገ ልኩን ኬዙ ራሱ ይናገራል። ባዶ በሆነው ግማሽ ኬዝ ውስጥ ካሙንና ሊፍተሩን ያስቀምጡ፤ የሊፍተሩን ግንድ በማርከር ቀለም ይቀቡ። በዘይት መስመሩ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ሊፍተሩ ዝቅ ሲል አንድ ጭረት፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሌላ ጭረት ያድርጉ። ቦዩ መዘርጋት የሚችለው በእነዚህ ጭረቶች መካከል ነው። ነገር ግን ሊፍተሩ ዝቅም ሲል፣ ከፍም ሲል ቦዩ ከቀዳዳው ውጭ ብቅ ማለት የለበትም፤ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ያልተነካ ግንድ በቀዳዳው ውስጥ ይቅር። ይህን ማሟላት ካልተቻለ ሙሉ ስፋቱን አይውሰዱ። ጥልቀቱ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥ። በቶርኖ ሲቆረጥ የጠነከረ ብረት የሚቆርጥ ካርባይድ ምላስ ይጠቀሙ፤ የቦዩን ጠርዞች ያደንዝዙ፣ ሹል ጠርዝ ለስላሳውን ማግኒዥየም እንደ መላጊያ ይፍቀዋልና።

ከተገባው በላይ የሰፋ ቦይ የራሱን ችግር ይወልዳል። ሞተሩ ሲግል የዘይት መብራት ይበራል፤ የቫልቭ ክዳኖቹም በዘይት ይሞላሉ። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ስለሆነ ላይ የተከማቸው ሁሉ ከሥር ካለው ይቀነሳል፤ በፍጥነት ረጅም መንገድ ሲሄድ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። ዘይቱ 70 ዲግሪ ሲደርስ በ2500 ዙር በደቂቃ ላይ ግፊቱን በጌጅ ይለኩ፤ ከ2 ባር በታች ከሆነ ቦዩ ወይም የሊፍተሩ ልክ ይመርመር።

ሌላው የዘይት ማሻሻያ የሊፍተሩን ፊት በ0.5 ሚሊሜትር አካባቢ ቀዳዳ መብሳት ሲሆን ዘይት በቀጥታ ካሙ ላይ እንዲፈስ ያደርጋል። በጠንካራ የቫልቭ ስፕሪንግ ለሚሠራ ሞተር ጥሩ ነው። በተራ መሰርሰሪያ ግን መሞከር የለበትም፤ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚበሳ ማሽን ያስፈልገዋል። ተበስቶ የሚመጣውን መግዛት ይሻላል።

ምልክት፦ ግፊቱ ዝቅ ብሏል፣ ሊፍተሩ በቀዳዳው ውስጥ ይንገዳገዳል

የአዲስ ሊፍተር ግንድ ከ18.96 እስከ 18.98 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው ከ19.00 እስከ 19.02 ነው። ግንዱ ከ18.93 በታች ከወረደ ሊፍተሩ ይለወጥ። ቀዳዳው ከ19.05 ካለፈ በሪመር ሰፍቶ ቡሽ (ቀለበት መሰል ማጥበቢያ) ይገባበታል፤ ቡሹም የዘይት ቀዳዳው ከመስመሩ ጋር ተስተካክሎ ይበሳ። ይህን ረስቶ ኬዙን መዝጋት ያንን ሮከር ያለ ዘይት ያስቀረዋል።

ምልክት፦ ከፍ ያለ ካም ከገባ በኋላ ፑሽሮድ ይጣመማል

የሊፍተሩ ጭንቅላት ጫፍ ላይ ሳይደርስ ኬዙን እየመታ ነው። ካሙን ሁለቱም ግማሽ ኬዞች ላይ በየተራ አስቀምጠው ሊፍተሩ ከፍ ባለበት ቦታ ከጭንቅላቱ ጀርባ ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ 1 ሚሊሜትር መኖር አለበት። ከጎደለ የሚሞረደው ኬዙ ነው፤ ሊፍተሩ አይነካም። የሚመታ ቦታ ከሌለ የፑሽሮዱን ርዝመት ይመልከቱ፦ ቫልቩ ግማሽ ሲከፈት የሮከሩ ማስተካከያ ብሎን ከቫልቩ ግንድ ጋር ትይዩ መሆን አለበት።

ክብደት ለመቀነስ የሊፍተሩን ግንድ ከጭንቅላቱ ሥር ማቅጠን ሌላው የተለመደ ሥራ ነው። ከ5000 ዙር በታች ለሚሠራ ሞተር የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም ባይሞከር ይመረጣል። የሚሠራ ከሆነ ግንዱና ጭንቅላቱ የሚገናኙበት ክብ ማዕዘን ፈጽሞ አይነካ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው። ተቆርጦ የወደቀ ጭንቅላት በካሙና በኬዙ መካከል ሲገባ ኬዙን ይሰብራል። ሲጨርሱ ስምንቱንም በሚዛን አስተያይተው ከ1 ግራም በላይ ልዩነት አይተዉ።

ምልክት፦ አዲሱ ካም በመጀመሪያው ሰዓት ተበላ

ካም ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሲገጣጠም የሊፍተሩን ፊትና ሎቡን በሞሊብዲነም ፓስታ ይቀቡ፤ ግንዱን ግን በዘይት ብቻ። ኬዙ ሲዘጋ ከላይ ያሉት አራት ሊፍተሮች እንዳይወድቁ በሽቦ ክሊፕ ይያዙ፤ ክሊፑንም ኬዙ ከተዘጋ በኋላ ማውጣት አይርሱ። ከመነሳቱ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥተው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በስታርተር ያዙሩት። ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ከ2000 እስከ 2500 ዙር ይያዝና 20 ደቂቃ ከፍ ዝቅ እያለ ይሥራ። ስራ ፈት ዙር ላይ አይተውት፤ ካሙ የሚቀባው ከክራንክሻፍቱ በሚረጨው ዘይት ስለሆነ ቀስ ሲል አይደርሰውም። ድርብ ስፕሪንግ ካለ ለ20 ደቂቃው የውስጠኛውን ያውጡት። ዘይቱ ዚንክና ፎስፈረስ በበቂ ያለው ይሁን፤ ለዘመናዊ መኪናዎች የሚወጡ ቀጫጭን ዘይቶች ለካታላይዘር ሲባል ፎስፈረሳቸው ተቀንሷል።

ታይፕ 4ና ሃይድሮሊክ ሊፍተር

በታይፕ 4 ሥራው ይቀልላል፤ ሊፍተሩ ሰፊ ጭንቅላት ስለሌለው የፑሽሮድ ቱቦው ከወጣ በኋላ ኬዙ ሳይከፈት ይሳባል። ሃይድሮሊክ ሊፍተር ያለበትን ወደ ደረቅ (ሃይድሮሊክ ያልሆነ) ሊፍተር መለወጥ የሚፈልግ ካሙንም አብሮ ይለውጥ። የሃይድሮሊክ ካም ክፍተቱን ቀስ ብሎ የሚዘጋ መወጣጫ ስለሌለው ደረቅ ሊፍተር ሲገባበት ሁልጊዜ ያንኳኳል፤ የቫልቭ መቀመጫውንም ይመታል። ሃይድሮሊኩ ሳይለወጥ ከቀጠለና ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ካንኳኳ ዘይቱ ስለወረደበት ነው። ድምፁ ካልጠፋ አውጥተው ንጹሕ ዘይት ውስጥ ይንከሩት፤ በቀጭን ሽቦ የውስጡን ኳስ ተጭነው አየሩ እስኪያልቅ ፒስተኑን ያንቀሳቅሱ። ሲመለስ ማስተካከያ ብሎኑ ቫልቩን እስኪነካ ያጥብቁትና 2 ሙሉ ዙር ጨምረው ዳዶውን ያጥብቁ።