ዋናው ፋይበር ሲቆረጥ መጠባበቂያው ዝም የሚልባቸው ስህተቶች

መጠባበቂያ ፋይበር መዘርጋቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሁለቱ ጫፎች መቼና ወዴት እንደሚዞሩ ማስማማቱ ነው። በኤስዲኤች (ብዙ ሲግናሎችን አጣምሮ በፋይበር የሚያጓጉዝ ስታንዳርድ) ኔትወርክ ይህን ሥራ የሚሠሩት ኬ1 እና ኬ2 የሚባሉ ሁለት ባይቶች ናቸው። ኬ1 ምን እንደተፈጠረና የትኛው ቻናል እንዲዞር እንደተጠየቀ ይናገራል፣ ኬ2 ደግሞ ምን እንደተደረገ ይመልሳል። ነገሩ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛው በሞላነው ሴቲንግ ነው።

የመጠባበቂያውን አላርም ችላ ማለት። «ትራፊክ የለበትም፣ ይቆይ» ይባላል። ኬ1 እና ኬ2 የሚጓዙት ግን በዚያው በመጠባበቂያው መስመር ነው። እሱ ከሞተ ሁለቱ ጫፎች መነጋገሪያም የላቸውም። ለዚህም ነው በኦቲኤን (ከኤስዲኤች በኋላ የመጣ የፋይበር ማጓጓዣ ስታንዳርድ) የጂ.873.1 ደንብ የመጠባበቂያው መበጠስ ከፎርስድ ስዊች (በግድ አዙር ከሚለው ትእዛዝ) በላይ የተቀመጠው፤ እናንተ ብታዝዙም መሣሪያው ወደ ሞተ መስመር አይዞርም።

ሁለቱን ጫፎች ለየብቻ ማዋቀር። አንዱ ጋ 1+1፣ ሌላው ጋ 1፡1 ተሞልቶ ይገኛል። በ1+1 ላኪው ሁልጊዜ በሁለቱም መስመር ይልካል፣ ተቀባዩ ይመርጣል። በ1፡1 ግን ላኪውም ተነግሮት መዞር አለበት። የኬ2 5ኛ ቢት የትኛው እንደተመረጠ ስለሚናገር መሣሪያው አለመጣጣሙን ያውቃል፣ አላርምም ያወጣል፤ የሚያየው ሰው ካለ ማለት ነው። የሁለቱንም ጫፍ ስክሪን ጎን ለጎን ከፍታችሁ መስመር በመስመር አስተያዩ።

ትእዛዝ ረስቶ መሄድ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ለጥገና ሎክአውት (መጠባበቂያውን የሚቆልፍ ትእዛዝ) ይደረጋል፣ ሥራው ያልቃል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ከዚያ ዋናው ፋይበር በተቆረጠ ጊዜ መጠባበቂያው እንደተቆለፈ ስለሆነ ትራፊኩ የትም አይሄድም። ሎክአውት ከሁሉም ትእዛዝና ብልሽት በላይ ነው። ፎርስድ ስዊችም ከሲግናል መዳከም ይበልጣል፤ ስለዚህ መጠባበቂያው ስህተት እያበዛ ቢሄድም ትራፊኩ እዚያው ላይ ይቀራል። ማኑዋል ስዊች ግን ብልሽት ሲመጣ ቦታውን ይለቃል። ለፍተሻ ብቻ ከሆነ ማኑዋል ይበቃል። ፎርስድን ዋናውን ፋይበር በእጃችሁ ልትነኩት ስትሉ ተጠቀሙ፣ ስትጨርሱም ትእዛዙን የሚያነሳው «ክሊር» የሥራው የመጨረሻ መስመር ይሁን።

የመመለሻ ሰዓቱን ዜሮ ማድረግ። ዌይት ቱ ሪስቶር (ዋናው ከተስተካከለ በኋላ ትራፊኩ ወደ እሱ ከመመለሱ በፊት የሚጠበቀው ጊዜ) በኤስዲኤች ደንብ በጂ.841 ከ5 እስከ 12 ደቂቃ የሆነው በከንቱ አይደለም። ዜሮ ከሆነ የላላ ኮኔክተር በየሰከንዱ ሲጠፋና ሲመጣ ትራፊኩም አብሮት ይመላለሳል።

ሁሉም ሌየር ላይ ሆልድ ኦፍን (ብልሽት ታይቶ ከመዞር በፊት የሚጠበቀውን ጊዜ) ዜሮ መተው። ታች ኦቲኤን፣ ላይ ኢተርኔት፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይጠብቃሉ። አንድ ቁርጠት ሲመጣ ሁለቱም እኩል ይሮጣሉ፣ ታች ያለው ብቻውን ሊጨርሰው የሚችለው ጉዳይ ላይ ድረስ ይረብሻል። የላይኛውን 100 ሚሊሰከንድ አቆዩት፤ ታች ያለው 50 ውስጥ ከጨረሰ ላይ ያለው ምንም አይሰማም።

ለመዞር የተሰጠውን 50 ሚሊሰከንድ ከተቆረጠበት ቅጽበት መቁጠር። ቆጠራው የሚጀምረው ብልሽቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ኬ1 እና ኬ2 የሚጓዙበት አንድ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) 125 ማይክሮሰከንድ ነው፤ አዲስ መልእክት በተከታታይ ሦስት ፍሬም ላይ ተመሳስሎ ሲደርስ ይታመናል፣ ይህ ከግማሽ ሚሊሰከንድ በታች ነው። ርቀቱ ግን ይበላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ ለአንድ ኪሎሜትር 5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሚወስድበት 1,000 ኪሎሜትር በአንድ አቅጣጫ ብቻ 5 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሁለቱም ጫፍ አብረው የሚዞሩ ከሆነ ደግሞ መልእክቱ ሄዶ መመለስ አለበት።

የመላኪያውንም የመቀበያውንም ገመድ ነቅሎ «ሠርቷል» ማለት። ሁለቱም ሲነቀሉ እያንዳንዱ ጫፍ ብልሽቱን ራሱ ያየዋል፣ ኬ1 እና ኬ2 አልተፈተኑም ማለት ይቻላል። የመቀበያውን ብቻ ንቀሉ፤ የዚያኛው ጫፍ መዞር የሚችለው ከተነገረው ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን ሌዘርን በራሱ የሚያጠፋው ሴቲንግ መኖሩን እዩ፣ ካለ አንዱን ስትነቅሉ የመልሱንም ብርሃን ስለሚያጠፋው ያው ሁለቱን እንደመንቀል ይሆናል።