ዲዝኒ ወርልድ ልትሄዱ ነው? ምግቡን ቀድማችሁ አስቡበት

አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ላለው ባለ ብዙ ፓርክ መዝናኛ፣ ዲዝኒ ወርልድ፣ የብዙ ቀን ቲኬት ባንዴ ግዙ፤ ቀኑ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ቀን ዋጋ ይቀንሳል። በአንድ ቀን ከፓርክ ፓርክ የሚያዘዋውረው ቲኬት ተጨማሪ ያስከፍላል። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ይቅርባችሁ፤ አንዱን ፓርክም አይጨርሱትም።

ዋናው ጣጣ ምግቡ ነው። አስተናጋጅ ባላቸው ሬስቶራንቶች ቦታ መያዝ የሚጀመረው ከ60 ቀን በፊት ነው፤ ተፈላጊዎቹ ቶሎ ይሞላሉ። በቀን አንድ ይበቃል፣ እሱንም ከሰዓት ፀሐዩ ሲከር አድርጉት። ልጆቹ ቁጭ ብለው ቀዝቀዝ ይላሉ (እናንተም!)። የቀረውን ከቦርሳ ብሉ። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የመስታወት ዕቃና አልኮል ግን አይገባም። ውሃ አትግዙ፤ ፈጣን ምግብ ቤቶቹ በረዶ ያለው ውሃ በኩባያ በነፃ ይሰጣሉ፣ መጠየቅ ብቻ ነው።