ሁሉም ታሪክ «መብራት ጠፋ» ብሎ ሲጀምር፦ በአስፈሪ አጭር ልብ ወለድ ውድድር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ አዝዤ፣ ክምር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ በጠራራ ፀሐይ የሰው ቅዠት ሳነብ እውላለሁ። አስተናጋጇ አንድ ቀን «የፈተና ወረቀት ነው የምታርመው?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ለጀማሪ ጸሐፊዎች ትንሽ ውድድር እናዘጋጃለን፤ አስፈሪ አጭር ልብ ወለድ፣ ቢበዛ 1500 ቃል፣ በየዙሩ አንድ ጭብጥ። ያለፈው ዙር ጭብጥ «መብራት ሲጠፋ» ነበር። ሽልማቱ መጻሕፍት ናቸው፤ አሸናፊው ደግሞ ታሪኩን ሰው ፊት ቆሞ ያነባል።

ከሚደርሱን ታሪኮች የሚበዙት የሚወድቁት ጸሐፊው ስላልቻለበት አይደለም። ጓዳው ውስጥ የተቀመጠ ፍርሃት እያለው ከፊልም ስለሚበደር ነው።

ሰዓቱ የማን ነው?

«ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ላይ ድንገት ነቃሁ። መንደሩ ጭር ብሏል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር፣ ቃሉ ትንሽ እየተለዋወጠ፣ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጥረውም። ፊልም ላይ ክፉ መንፈስ የሚመጣበት ሦስት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በእኛ ሦስት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ገና ምሽት ነው፤ ፒያሳ ላይ የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ይጮኻል፣ ጎረቤት እራት እየበላ ነው። ጋኔኑ ቢመጣ እንኳ «ና እንብላ» ሳይባል አይቀርም።

ሰዓቱን አስተካክሎ ዘጠኝ ያለውም ቢሆን «ጭር አለ» በሚለው ይሳሳታል። የአዲስ አበባ ሌሊት ጭር አይልም። ውሻ ውሻን ይጠራል። ጅብ ከወንዝ ዳር ይጮኻል። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይከፈታል፣ ቆይቶ ደግሞ አዛን ይሰማል። ሌሊት የሚያስፈራው እነዚህ ድምፆች ሲሰሙ ሳይሆን አንደኛው ሲቀር ነው። ይህን የተረዳ አንድ ተወዳዳሪ ውሾቹን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ዝም አሰኛቸው። ሌላ ምንም አላደረገም፤ እኔ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ዙሪያዬን አየሁ።

ደግሞስ ፍርሃት ለሌሊት ብቻ የተሰጠው በማን ነው? እኛን ያሳደጉን እናቶች የሚፈሩት ቀትርን ነበር። በስድስት ሰዓት ወንዝ አትውረድ፣ አመድ የተደፋበት አትቁም፣ የቀትር ጋኔን ይመታሃል ይሉ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ጥላችን እግራችን ሥር ተሸሽጎ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ብቻውን የቆመ ልጅ። ይህን እስካሁን ማንም አልላከልንም።

ቤቱም እንደ ሰዓቱ ነው። ባለ ሰገነት ትልቅ ቤት፣ ጫካ ውስጥ ያለ ጎጆ፣ ምድር ቤት የተደበቀ ሬሳ። እንዲህ የሚጽፈው ልጅ ግን ያደገው ቀበሌ ቤት ውስጥ፣ አቡጀዲ ኮርኒስ ሥር ተኝቶ ነው። ኮርኒሱ ላይ አይጥ ስትሮጥ ጨርቁ እንዴት እንደሚረግብ ያውቃል። አንድ ሌሊት የረገበው ቦታ ከአይጥ በጣም ቢሰፋስ? ሌሊት ወደ ጋራው ሽንት ቤት ግቢውን ማቋረጥስ? ሰፈሮቻችን ስማቸው ራሱ እኮ ይበቃል፤ ፒያሳ አካባቢ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ የተባሉ ሰፈሮችን እናውቃለን። «ብትጮህም ሰሚ የለህም» የሚል የሰፈር ስም ያለው ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ፍርሃት ከውጭ ማስመጣት ለእኔ አይገባኝም።

ጭብጡን በር ላይ ትቶ መግባት

ባለፈው ዙር ከግማሽ የሚበልጡት ታሪኮች የጀመሩት «መብራት ጠፋ።» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው። ከዚያ በኋላ መብራቱ ተረሳ። ገዳዩ መጣ፣ መንፈሱ መጣ፣ ሩጫ ሆነ፤ መብራት ባይጠፋም ያው ይሆን ነበር። የጭብጥ መፈተኛው ቀላል ነው፦ መብራቱን መልሳችሁ አብሩት። ታሪኩ ካልፈረሰ ጭብጡ አልገባም።

መብራት ሲጠፋ በእውነት የምናደርገውን አስቡ። መጀመሪያ ስልክ እንፈልጋለን። ቀጥለን ቻርጁ ስንት እንደቀረ እናያለን። ከዚያ «ካርድ አልቆ ነው ወይስ ሰፈሩ ሁሉ ነው?» ተብሎ አንድ ሰው በመስኮት አንገቱን ያወጣና «እናንተም ጋ ጠፍቷል?» ይላል። መልሱን ሲሰማ ተንፈስ ይላል፤ የጋራ ጨለማ ይቀላል። ከላኩልን መካከል አንዲት ልጅ ያነሳችው ይህችን ጥያቄ ብቻ ነው። ታሪኳ ፒያሳ ላይ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ፣ ተራቸውን ከሚጠብቁ ጥቂት ቤቶች በአንዱ። ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። መብራት ይጠፋል፤ አሮጊቷ በልማድ መስኮቱን ከፍተው «እናንተም ጋ ጠፍቷል?» ይላሉ። ከፈረሰው ግድግዳ በኩል አንድ ድምፅ «አዎ እማማ፣ እኛም ጋ ጠፍቷል» ይላቸዋል። እሳቸውም ተመስገን ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ። እዚያው አለቀ። አንደኛ የወጣችው እሷ ናት፣ ያለ ክርክር።

«በጣም አስፈሪ ነገር አየሁ»

አስፈሪ፣ ዘግናኝ፣ አሰቃቂ፣ ሰቅጣጭ። አራቱንም አንድ አንቀጽ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። ቀጥሎ የታወቁት ይመጣሉ፦ ፀጉሬ ቆመ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። እነዚህ የሚነግሩን የባለታሪኩን ሕመም ነው፤ ያየውን አናየውም። አንባቢ ደግሞ ፍራ ስለተባለ አይፈራም፣ እንዲያውም እልህ ይይዘዋል።

እስቲ በዚሁ ጭብጥ አንድ ነገር ልሞክር። መብራት ጠፍቷል። እናት ከሰል ላይ ጀበና ጥደዋል። ቤት ውስጥ አራት ሰው አለ። አቦሉ ተቀዳ፣ አራት ሲኒ። ቶናው ተቀዳ፣ አራት ሲኒ። ወሬው ሞቋል፣ የከሰሉ ፍም ከጉልበት በላይ አያሳይም። በረካው ተጠጥቶ ታናሽየዋ ሲኒውን በዳበሳ ስትሰበስብ ረከቦቱ ላይ አምስት ሆነባት። አምስተኛውን አነሳችው። አተላው ገና ይሞቃል።

«አስፈሪ» የሚል ቃል አልተጠቀምኩም፣ ማንም አልጮኸም። የሠራው ቁጥሩና ሙቀቱ ነው። ሲኒው ቀዝቅዞ ቢሆን ኖሮ የጠዋት ነው ብለን እንተወው ነበር። ስለዚህ አንድ ዕቃ ምረጡ፣ በእጃችሁ ያዙት፣ ከዚያ አንድ ነገሩን ብቻ አዛቡበት። ሁለት ካዛባችሁ ወደ ተረት ይሄዳል።

ግሱ ምስጢር ያወጣል

ይህ የአማርኛችን ጣጣ ስለሆነ ቆም ልበልበት። «አንድ ሰው በሩን አንኳኳ» ካላችሁ ወንድ ነው። «አንኳኳች» ካላችሁ ሴት ናት። «አንኳኩ» ካላችሁ ወይ ብዙ ናቸው ወይ እናከብራቸዋለን። ማንነቱ እስከ መጨረሻው እንዲሰወር የፈለገ ጸሐፊ ሦስተኛው መስመር ላይ በግሱ መድረሻ ራሱን ያጋልጣል፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ «ለካ ሚስቱ ነበረች» ሲል «ታዲያ ለምን አንኳኳ አልከኝ?» እላለሁ። መውጫው ያው ከቋንቋው ውስጥ ነው፦ በሩ ተንኳኳ። ኮቴ ተሰማ። ስሜ ተጠራ።

ግን ይኸው ጣጣ ትልቁ መሣሪያችሁም ነው። ፀበል ቦታ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ የምትጮኸው ሴት ሆና ሳለ ጠያቂው «አንተ ማን ነህ? ከየት ያዝካት?» ይላል። እናታችሁን ያህል ሰው፣ ሁልጊዜ «እርስዎ» ስትሏቸው የኖራችሁትን፣ ሌላ ሰው በፊታችሁ «አንተ» ሲላቸው፣ እሳቸውም ዞር ብለው ሲመልሱ። የዛር መንፈስም ያደረበትን ሰው «ፈረሴ» ነው የሚለው። አንዲት ቃል፣ እና ሰውየው ከሰውነት ወደ መጫኛነት ወረደ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ደም የተቀባ ግድግዳ አላውቅም።

አክብሮቱን በዘፈቀደ የሚቀያይር ጸሐፊ ግን ይህን መሣሪያ ይሰብረዋል። ሴትዮዋ ገጽ አንድ ላይ «እትዬ መጡ»፣ ገጽ ሁለት ላይ ያለ ምክንያት «መጣች» ከሆኑ፣ ገጽ ሦስት ላይ ሆን ተብሎ ሲቀየር ማንም ልብ አይለውም።

ቡዳ፣ ዛር፣ መተት እና ሰፊ ማብራሪያ

ከሀገር ቤት እምነት የሚነሱ ጎበዞች አሉ፤ ደስ ይለኛል። ችግሩ መንፈሱ ብቅ እንዳለ አንድ ሽማግሌ ይመጡና ሁለት ገጽ ያስረዱናል፦ ዛር ምንድን ነው፣ በምን ይለመናል፣ በምን ይለቃል። አንባቢያችሁ እዚሁ ያደገ ነው። ጤና አዳም ካሸተተ ነገሩ ይገባዋል።

ቡዳን በተመለከተ ግን ከሥነ ጽሑፍ ያለፈ ጉዳይ አለ። ቡዳው ሁልጊዜ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ የሚሆንበት ታሪክ ይደርሰናል። ይህ ስም በእውነተኛ ሰዎች ላይ ተለጥፎ ከጋብቻና ከማዕድ ሲያስለያቸው የኖረ ነው። አጤ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ወደው አይደለም። ቀጨኔ ውስጥ ጀበና የሚሠሩ እናቶች ዛሬም አሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ታሪክ አላሳልፍም፤ የሚከራከሩኝ ጓደኞች አሉ፣ ይከራከሩ። ታሪኩ ግን ሊገለበጥ ይችላል፦ ሰፈሩ ሁሉ አንዲትን ሸክላ ሠሪ «በላችው» ብሎ በር ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቃት፣ እኛ ከውስጥ ከእሷ ጋር ሆነን መዝጊያውን ስንደግፍ። እዚያ የሚያስፈራው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

የሌላ ሰው ሙታን

መሃል አዲስ አበባን የረገጠ ሁሉ ስድስት ኪሎን ያያል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶቹ ለሦስት ቀን የጨፈጨፉት ሕዝብ መታሰቢያ ነው ሐውልቱ። መስቀል አደባባይ ዳር ደግሞ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አለ። ጀማሪ ጸሐፊ እነዚህን ሲያይ «መንፈሶቹ ተነሡ» ብሎ ለመጻፍ እጁን ይበላዋል።

አትጻፉ አልልም። ግን በሚደርሱን ታሪኮች የተነሱት ሙታን ስም የላቸውም፣ ፊት የላቸውም፣ እያለቀሱ አልፎ ሂያጁን ያሳድዳሉ። አልፎ ሂያጁ ምን በደላቸው? በቀይ ሽብር ጊዜ የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ይህን የኖሩ እናቶች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ከጻፋችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ ደረሰኝ ይሁን። ሺህ መንፈስ አያስፈልግም።

የቀሩት፣ በፍጥነት

«ለካ ሕልም ነበር» አይሠራም። «ለካ እኔ ራሴ ሞቼ ነበር» የሚለውም አርጅቷል፤ ባለፈው ዙር ብቻ እንዲህ የሚያልቁ ታሪኮች ተከታትለው መጡ። «ለካ እብድ ነበር» የሚለው ደግሞ ስድብም ነው።

የትውልድ ሐረግ ከመቁጠር አትጀምሩ። 1500 ቃል ብዙ ይመስላል፣ አይደለም፤ አማርኛችን ግን አንዱ ቃል ብዙ ይሸከማልና («አልነገረችኝም» ስንት ነገር እንደያዘ ተመልከቱ) ከተጠቀማችሁበት ይበቃል። ቃላትን በሁለት ነጥብ ብቻ እየለየ፣ ክፍት ቦታ ሳይተው የጻፈልን ሰው ነበር፤ ኮምፒውተሩ መላውን አንቀጽ አንድ ቃል ብሎ ቆጠረለት። ታሪኩ 3000 ደርሶ ነበር።

የባለታሪኩን ስም ፊደል ጠብቁ፤ ገጽ አንድ ላይ «ኃይሉ» ገጽ አራት ላይ «ሀይሉ» ከሆነ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ እፈራለሁ፣ ያ ግን እናንተ ያሰባችሁት ፍርሃት አይደለም። በእጅ የተጻፈ ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። የመጨረሻዋን ሌሊትም አትጠብቁ፤ ጭብጡ «መብራት ሲጠፋ» በሆነበት ዙር መብራት ጠፍቶባቸው ያረፈዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እና ማንም አላመናቸውም።

ድምፅ አውጥቶ አለማንበብ

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ታሪኩ ከስልክ ስክሪን ወጥቶ በሰው ጆሮ ሳያልፍ ይመጣል። ለጓደኛ ማንበብ ብዙ አይጠቅምም፤ ጓደኛ «አሪፍ ነው» ይላል። ተረት ሲሰሙም ሲነግሩም ለኖሩ ሰው አንብቡ።

አንድ ተወዳዳሪ ለአያቱ እንዳነበበ ነገረኝ። ታሪኩ ሌሊት ግቢ ውስጥ ስለሚመላለስ ነገር ነው፤ ኮቴው ከአጥሩ ይነሣል፣ በቆርቆሮው ሥር ያልፋል፣ በሩ ላይ ይቆማል። አያቱ መቁጠሪያ እየቆጠሩ እስከ መጨረሻው ሰሙትና ቀና ብለው፦

«ልጄ፣ ውሻውስ ምን አለ?»

«የምን ውሻ፣ እማማ?»

«ግቢ ነው አላልክም? ግቢ ከሆነ ውሻ አለዋ።»

ታሪኩ ውስጥ ውሻ አልነበረም። ያን ሌሊት ቁጭ ብሎ አስገባው። አዲሱ ላይ ኮቴው ከአጥሩ ይነሣል፣ በቆርቆሮው ሥር ያልፋል፣ ውሻው ከተኛበት ይነሣል፤ ሰንሰለቱ ይንሿሿል፤ ከዚያም ጅራቱ በርሜሉን ሲመታ ይሰማል፣ ጌታው ከሥራ ሲመለስ እንደሚያደርገው።